ሐሳብ “ዝም በል” ስላሉት ዝም አይልም

ሰሞኑን “የውስጥህን ድምፅ ዝም አሰኘው” የሚል ጽሑፍ በየቴሌግራም ግሩፑ ሲዞር ከርሟል። ለእኔም የላኩልኝ አሉ። አንዷ ወዳጄማ “አንተን አስታወሰኝ” ብላ ነው የላከችልኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁ።

ጽሑፉ ሲነበብ ደስ ይላል። ቋንቋው ቀላል ነው። ጸሐፊውም ሰው ለመርዳት ብለው እንደጻፉት ያስታውቃል። ችግሬ ምክሩ ላይ ነው። ክፉ ሐሳብ እየተመላለሰ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ይህን ምክር ይዞ ቢተኛ ሌሊቱ ይብስበታል ብዬ እፈራለሁ።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ በውስጡ በቃላት ያወራል ይላሉ። ያ ድምፅ ማንነታችን ነው፤ “የምታስበውን ነህ”። ድምፁ ክፉ ማውራት ሲጀምር “አቁም!” ብለን ማባረር አለብን። በቦታው ደግሞ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመን “እኔ አሸናፊ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ይወደኛል” የሚል ጥሩ ቃል መተካት። ሐሳቡ አሁንም ከተመለሰ ሥሩን መፈለግ ነው፤ መልሱ እስኪገኝ “ለምን?” እያሉ መቆፈር። ይህን ሁሉ ማድረግ ያቃተው ሰው ደካማ ነው፤ ወይ ሥራ ፈት ነው፣ ወይ እምነት ጎድሎታል። አባቶቻችን እኮ ጭንቀት የሚባል ነገር አያውቁም ነበር ብለው ይዘጋሉ።

እኔም በዚሁ ቅደም ተከተል ልሂድ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ሁሉ በቃላት ያስባል የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። እውነት አይደለም። ራስል ኸርልበርት የሚባሉ በላስ ቬጋስ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂስት ይህንን ሲያጠኑ ነው የኖሩት። ዘዴያቸው ቀላል ነው። ተሳታፊው ቢፕ የምትል ትንሽ መሣሪያ ይዞ የዕለት ኑሮውን ይኖራል። መሣሪያዋ ሳይታሰብ ስትጮኽ በዚያች ቅጽበት በውስጡ የነበረውን ይመዘግባል። በ2008 በወጣ ጥናታቸው 30 ተማሪዎችን እንዲህ ተከታትለው ነበር። በቃላት የሆነ የውስጥ ንግግር የተገኘው በአማካይ ከአራት አንዴ ያህል ነው። አንዳንዱ ጋ ጭራሽ አልተገኘም፤ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ከአራት ሦስቴ ያህል ነበር። የቀረው ምስል ነው፣ ስሜት ነው፣ ወይም ቃልም ምስልም የሌለው፣ ግን ምን እንደሆነ የሚታወቅ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን አንብባችሁ “እኔ ውስጥ የሚያወራ ድምፅ የለም፤ ምን ሆኜ ነው?” ያላችሁ ካላችሁ፣ ምንም አልሆናችሁም።

“የምታስበውን ነህ” የምትለዋን ግን እንዲሁ አላልፋትም። ልጇን ታቅፋ በረንዳ ላይ የቆመች እናት “ብጥለውስ?” የሚል ሐሳብ ብልጭ ሊልባት ይችላል። ልጇን ስለምትጠላ አይደለም። ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያሉ ያልተጋበዙ አስቀያሚ ሐሳቦች አብዛኛውን ጤነኛ ሰው ይጎበኛሉ። ብዙው ሰው ደንገጥ ብሎ ያልፋቸዋል። ይህችን እናት “የምታስቢውን ነሽ” በሏትና ምን እንደሚከተል አስቡት። ሐሳቡን በቀላሉ አታልፈውም። ትመረምረዋለች፣ ራሷን ትፈራለች፣ ከልጇም ትርቃለች።

ድምፁ ደግሞ ሁልጊዜ የራሳችን አይደለም። ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ በ1934 በታተመው መጽሐፉ እንደሚለው የውስጥ ንግግር የሚመጣው ከውጭ ነው። ሕፃን መጀመሪያ ከሰው ጋር ያወራል። ቀጥሎ ሲጫወት ጮክ ብሎ ለራሱ ያወራል። ቀስ በቀስ ያ ንግግር ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ከሆነ የሌሎች ሰዎች አነጋገርም አብሮ መግባቱ አይቀርም። ስንሳሳት በውስጣችን “አንተ ደነዝ!” የሚለውን እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙት። ቃናው የማን ነው? ለአንዱ የአራተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩ ነው። ለሌላዋ አክስቷ ናት። “ሰው ምን ይለኛል” የሚለውማ ሰፈሩ በሙሉ ነው። እኛ አገር ብዙ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ጎረቤት አስቀምጦ ነው የሚኖረው። ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው “ማንነትህ ነው” ብሎ ማሸከም ምን የሚሉት ምክር ነው?

አሁን “አቁም ብለህ አባርረው” ወደሚለው ልምጣ። የጽሑፉ ርእስ የመጣው ከዚህ ነው። አጥብቄ የምቃወመውም ይህንኑ ነው።

ዳንኤል ዌግነር የተባሉ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1987 አንድ ሙከራ አሳትመዋል። ተማሪዎች አንድ በአንድ ተቀምጠው ለአምስት ደቂቃ የመጣላቸውን ሐሳብ ሁሉ ጮክ ብለው እንዲናገሩ ተጠየቁ። የተከለከሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ። ድቡ ከመጣባቸው ደወል ይመታሉ። ደወሉ በአማካይ በደቂቃ ከአንዴ በላይ ተመታ። ቀጥሎ “አሁን ስለ ድቡ አስቡ” ሲባሉ፣ ከመጀመሪያውኑ አስቡ ከተባሉት ይልቅ እነሱ ላይ ድቡ በዛ። ነጭ ድብ እኮ ነው! ማንንም አላስቀየመም፣ ከማንም አልተበደረም። የተከለከለው ሐሳብ “እናቴ ሳልደርስላት ሞተች” ቢሆን ኖሮስ?

የዌግነር ማብራሪያ አሳማኝ ነው። አንድን ሐሳብ ለማባረር አእምሮ ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል ሌላ የሚያስበው ነገር ይፈልጋል። በሌላ በኩል “ያ ሐሳብ መጣ ወይስ አልመጣም?” እያለ ይጠብቃል። ለመጠበቅ ደግሞ የሚጠብቀውን ማስታወስ አለበት። ሰው ሲደክመው ወይም ሲጨንቀው የመጀመሪያው ሥራ ይዳከማል፤ ጥበቃው ግን አያቋርጥም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ “አቁም” የማይሠራው ለዚህ ነው። ጸሐፊው ግን መድኃኒቱን ያዘዙት ለዚያች ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ የምቀበላቸው ነገር አለ። ሐሳብን ወደ ሌላ ነገር ማዞር ይረዳል። በዚያው ጥናት ሁለተኛ ሙከራ ላይ ድቡ ሲመጣባችሁ ስለ ቀይ ቮልስዋገን አስቡ የተባሉ ሰዎች ነበሩ። በኋላ ላይ ድቡ ያን ያህል አልበረታባቸውም። (ቮልስ መሆኗ የአዲስ አበባን ልጅ ደስ ሳይለው አይቀርም።) “አታስብ” ማለትና “ይህን አስብ” ማለት ግን ለየቅል ናቸው። የጸሐፊው ምክር የመጀመሪያው ነው።

ቀጠሮ የመስጠት ዘዴም አለ። ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቻቸው በ1983 ባወጡት ጥናት፣ ጭንቀት የሚበዛባቸውን ሰዎች በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ተጨነቁ አሏቸው። በሌላ ሰዓት ሐሳቡ ከመጣ እስከ ቀጠሮው ድረስ ይቆያል። ጭንቀታቸው ቀነሰ። ሐሳቡ አልተባረረም፤ “ተራህን ጠብቅ” ነው የተባለው። በየመሥሪያ ቤቱ “ነገ ይምጡ” እየተባለ ለኖረ ሕዝብ ይህ ዘዴ እንግዳ የሚሆን አይመስለኝም። አንድ ጊዜ እንኳ እኛ ቀጠሮ ሰጪ እንሁን።

የመስታወቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ውድ ከባልደረቦቿ ጋር በ2009 ባወጣችው ጥናት ሰዎች “እኔ ተወዳጅ ሰው ነኝ” የሚል ቃል ለራሳቸው እንዲደጋግሙ አደረገች። ቀድሞውንም ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ትንሽ ተሻላቸው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው የሚያዩት ግን ቃሉን ካልደገሙት መሰሎቻቸው የባሰ ስሜት ተሰማቸው። ሰው የማያምነውን ነገር በጉልበት ሲናገር ከውስጡ “ውሸታም” የሚል መልስ ይመጣበታል። ስለዚህ የመስታወቱ ምክር ለማይፈልገው ሰው ይሠራል። ለጸሐፊው ሠርቶላቸው ከሆነ አልጠራጠርም፤ ጽሑፋቸው ላይ የራስ መተማመን ችግር አይታይም።

ከሁሉም አደገኛ የሚመስለኝ ቀጣዩ ነው፤ “ለምን?” እያላችሁ ቆፍሩ የሚለው። አደገኛ ያልኩት ብልህ ምክር ስለሚመስል ነው። ማሰብ ምን ይጎዳል?

አንድ ምሳሌ እንይ። ዓርብ ማታ ነው። አንዲት ሠራተኛ ከአለቃዋ ቴክስት ይደርሳታል፤ “ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ነይ።” በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ለምን ጠራኝ? አጥፍቼ ይሆናል። ለምን ሁልጊዜ አጠፋለሁ? ሰነፍ ስለሆንኩ ነው። ለምን እንደ ሰው መሆን አቃተኝ? ድሮም እንዲህ ነኝ። አያችሁ? በሦስት ጥያቄ ከአንድ ቴክስት ተነስታ ሙሉ ሕይወቷ ላይ ፈረደች። አንድም አዲስ መረጃ ግን አላገኘችም። አለቃዋ ለምን እንደጠራት አሁንም አታውቅም። ቅዳሜና እሑድ ግን አልፏል።

ይህ ማሰብ አይደለም፣ ማብሰልሰል ነው። ማብሰልሰል አደባባይ እንደሚዞር መኪና ነው። ሞተሩ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሹፌሩም እየሄድኩ ነው ብሎ ያምናል። መውጫውን ግን አይይዝም።

ስለ ማብሰልሰል ብዙ ካስተማሩን አንዷ ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ ናት። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ተማሪዎች ሲከፋቸው ምን እንደሚያደርጉ በመጠይቅ መዝግባ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1989፣ የሎማ ፕሪዬታ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን መታ። ማንም ያላቀደው ሙከራ ሆነ። ተመልሳ ስታያቸው ቀድሞም የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ተማሪዎች ከአደጋው በኋላ የዲፕሬሽን ምልክታቸው ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ። ከሳምንታት በኋላም እንደዚያው።

እሺ፣ ያስከፋል እንበል፤ መፍትሔ እስካመጣ ድረስ ምናለበት? አያመጣም። እሷና ሶንያ ሉቦሚርስኪ በ1995 ይህንኑ ፈትሸዋል። የከፋቸውን ሰዎች ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱ ወገን ለስምንት ደቂቃ ስለ ራሱና ስለ ስሜቱ ሲያሰላስል፣ ሌላው ስለማይነካው ውጫዊ ነገር አሰበ። ከዚያ ከሰው ጋር ስለሚያጋጥም ችግር መፍትሔ ሲጠየቁ ስለ ራሳቸው ሲያሰላስሉ የቆዩት ያመጡት መፍትሔ ደካማ ነበር። ሌላ ነገር ሲያስቡ የቆዩት ግን ካልከፋቸው ሰዎች አላነሱም። ስምንት ደቂቃ ነው እንግዲህ። ጸሐፊው “መልሱ እስኪገኝ” ነው ያሉት።

ልዩነቱ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርድ ዋትኪንስ ለዓመታት ያጠኑት ይህንን ነው። “ለምን እኔ? ምን ማለት ነው?” የሚለው ጥያቄ ከነገሩ እያራቀ ወደ ጠቅላላ ፍርድ ይወስዳል። “ምን ሆነ? መቼ? አሁን ምን ላድርግ?” የሚለው ወደ ዝርዝሩ ይመልሳል። የዓርብ ማታዋ ሠራተኛ “ያላለቀ ሥራ አለኝ? ሰኞ ምን ይዤ ልግባ? ማንን ልጠይቅ?” ብትል መልስ አላት። ጥያቄዎቹ ያልቃሉ። ካለቁ በኋላ ትንሽ ፍርሃት ሊቀር ይችላል፤ ሳትፈራ ትደር አላልኩም።

የነገር ሥር መፈለግ ከንቱ ነው እያልኩም አይደለም። የልጅነት ቁስል አለ፤ ከሚያውቅ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ ማየት ዋጋ አለው። እኔ የምለው፣ ለብቻ፣ አልጋ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ሥር አይቆፈርም።

“የእኛ ሰው ችግሩ እኮ እውነተኛ ነው፤ ኪራይ ነው፣ ሥራ ማጣት ነው” የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ዚምባብዌም እንዲሁ ነው። እዚያ ሐሳብ የበዛበትን ሰው ሕመም በሾና ቋንቋ “ኩፉንጊሲሳ” ይሉታል፤ ማሰብ ማብዛት ማለት ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 ሐራሬ ውስጥ የሰፈር ሴት አያቶችን አሠልጥነው ከጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የጨነቀው ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል። አያቷ ትሰማዋለች። ከዚያ ችግሮቹን አብረው ይዘረዝራሉ፣ አንዱን ይመርጣሉ፣ ለእሱ ብቻ እስከሚቀጥለው ሳምንት የሚሞከር ነገር ይፈልጋሉ። በ2016 የወጣው 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው ከስድስት ወር በኋላ ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ በግልጽ ተሽሏቸው ነበር። የኪራይ ችግራቸው በተአምር አልተፈታም። ግን አሥሩን ነገር አንድ ላይ ማመንዠክ ቀርቶ አንዱን መያዝ ጀመሩ።

እኛስ ቡና አለን እንላለን። አለን። ግን ሁሉም ቡና አንድ አይደለም። “እስቲ ምን አለሽ? ምን ብትዪው ይሻላል?” የሚባልበት ቡና አለ። ከአቦል እስከ በረካ ያንኑ በደል እየደጋገሙ አብሮ መብሰልሰልም አለ። ከሁለተኛው ሰው ከገባው በላይ ከፍቶት ይወጣል።

የቀረው የእምነትና የሥራ ጉዳይ ነው። ሥራ ይረዳል፤ ጸሎትም ለሚጸልይ ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው። ይህን አልከራከርም። “ሐሳብ የሚያበዛ እምነት የጎደለው ነው” የሚለው ግን በራሱ በእምነቱ ሚዛንም አይቆምም። ኤልያስ እሳት ካወረደ ብዙም ሳይቆይ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ “ይበቃኛል” ብሎ ሞቱን ለምኗል። መልአኩ አልገሠጸውም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በልቶ ተኛ፤ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። በሙስሊሙም ወገን፣ ሶሓባዎች (የነቢዩ ባልደረቦች) ለነቢዩ “ለመናገር የሚከብደን ነገር በውስጣችን ይመጣብናል” ብለው ሲያማክሩ፣ ያ መክበዱ ራሱ የጠራ እምነት ምልክት መሆኑን ነው የነገሯቸው። ሁለቱም ታሪኮች ላይ የተጨነቀው ሰው አልተወቀሰም።

አባቶቻችን ጭንቀት አያውቁም ነበር የሚለውን ለማመን ደግሞ እንጉርጉሮን መርሳት ያስፈልጋል። ሴቲቱ ወፍጮ ላይ ሆና፣ እረኛው ከከብቱ ኋላ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ የሚያንጎራጉረው ምን ነበር? ደስታ ነበር? ንስሐ የሚገባ ሰውስ በነቢብና በገቢር ብቻ ሳይሆን በሐልዮም (በማሰብም) በደልኩ የሚለው፣ ሐሳብ እንዴት እንደሚያስቸግር ቀድሞ ስለሚታወቅ አይደለም?

ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቦታ አለች፤ “ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?” እዚህም “ለምን” አለ፤ አይቻለሁ። ግን እንዴት እንደተባለ እዩት። “እኔ ለምን አዝናለሁ?” አላለም። ነፍሱን እንደ ሌላ ሰው ፊቱ አቁሞ ነው ያናገራት። መልስም አልቆፈረም፤ ወዲያው ምን እንድታደርግ ነገራት፣ “በእግዚአብሔር ታመኚ”። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲው ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ በ2014 ያሳተሙት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰዎች ፊት ንግግር ከማቅረባቸው በፊት በ“እኔ” ፋንታ ራሳቸውን በስማቸው እየጠሩ በውስጣቸው ያወሩ ሰዎች ጭንቀቱ ቀለል አላቸው፤ ከንግግሩም በኋላ ነገሩን እያነሱ ራሳቸውን የመውቀሳቸው ነገር ቀነሰ። የውስጥ ድምፁን ማንም ዝም አላሰኘውም። እያወራ ነው፤ አነጋገሩ ነው የተቀየረው።

ጸሐፊው ጽሑፉን መልሰው የሚለጥፉት ከሆነ ሁሉንም ቀይሩ አልልም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢያወጡልኝ ደስ ይለኛል፤ “ይህን ማድረግ ያቃተው ሰው ደካማ ነው” የምትለዋን። ከሚያነቡት ሰዎች መካከል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና ምግብ የራቀው፣ የሚወደውን ነገር የጠላ፣ መኖርን እስከመጥላት የደረሰ ይኖራል። ይህ ሰው ሐኪም ወይም ሳይኮሎጂስት ጋ መሄድ አለበት፤ ሕክምናም አለው። ምናልባት ለመሄድ ከራሱ ጋር ሲሟገት ወራት ፈጅቶበት ይሆናል። ልሂድ ብሎ በተነሳበት ቀን ያችን ዓረፍተ ነገር ካነበበ፣ ሳይሄድ ይቀራል።